የልጅነት ሥጋ

ሰኞ፣ ከጧቱ አስራ ሁለት ሰዓት

በየካቲት 2007 ዓ.ም. አንድ ሰኞ፣ ከጧቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደሴ መናኸሪያ ተነሣሁ። ሁለት ሻንጣ ይዣለሁ። አንደኛው የራሴ ነው። ሁለተኛው አክስቴ ሪያድ ለምትሠራው ልጇ ለዘይነባ የላከችው በሶ፣ ሽሮ፣ ድልህና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ከእኔው ይከብዳል። በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ በመሀረብ የጠቀለልኩት አንድ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አለ። ስለ ብልቃጡ አስቀድሜ ካልተናገርኩ ጉዞው ለምን እንደሆነ አይገባም።

የምሠራው በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ደም እየመረመርኩ ሲዲ ፎር የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች እቆጥራለሁ። በጤና ትምህርት ላይ "የሰውነት ወታደሮች" የምንላቸው እነዚህን ነው። ብዙው ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት ሲወስድ ቫይረሱ ይዳከማል፣ ወታደሮቹም ቀስ በቀስ ይበዛሉ። ጥቂቶች ግን አሉ፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ቢወርድም ወታደሮቹ አይመለሱላቸውም።

ከእነዚህ አንዱን ስማቸውን ቀይሬ ጋሽ ታደሰ ልበላቸው። ራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቁጥራቸው ለሦስተኛ ጊዜ አልጨምር ሲል፣ ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ ካርዳቸው ላይ "መድኃኒቱን በትክክል የሚወስዱ አይመስልም፤ ይጣራ" ብዬ ጻፍኩ። የቫይረስ ምርመራው ውጤት ገና አልመጣም ነበር። ነርሷ ያንን አንብባ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊት ተቆጣቻቸው። ውጤቱ ሲመጣ ቫይረሱ አይታይም፤ ሰውዬው አንድም ቀን አላጎደሉም። ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ ባዶ ብልቃጦቻቸውን በፌስታል ሰብስበው እየመጡ መስኮቴ ላይ አንድ በአንድ ይደረድራሉ። "ይኸው ልጄ፣ ውጬዋለሁ" ይላሉ። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ መሆኔን አያውቁም። አንድ ቀን አንዱን ብልቃጥ ረስተው ሄዱ፤ እሱን ነው የያዝኩት።

አለቃዬ ዶክተር ሂሩት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ የጥናት ሐሳብ አላቸው፤ የዕድገት ሆርሞንና ክትባትን አጣምሮ መሞከር። ለዚህ የሚያስፈልገው የምርመራ መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም፤ ሪያድ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን አለ። ለጥቂት ቀን ሥልጠና ጠርተውናል። በመጨረሻው ቀን ሐሳባችንን ለኮሚቴያቸው አቅርበን ከተቀበሉት ናሙናዎቻችንን ያለ ክፍያ ይመረምሩልናል። ካልተቀበሉት ሐሳቡ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አቅራቢው ማን እንደሆነ የተነገረኝ ጣርማ በር ዳገት ላይ ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ በመስኮት ሁለት ላስቲክ ቆሎ ገዝተን ነበር፣ አንዱን በአምስት ብር። አውቶቡሱ እያቃሰተ ወደ ጉሙ ሲወጣ ከጎኔ የተቀመጡት ዶክተር ሂሩት ዞር አሉና፣

"እሑድ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? ላቦራቶሪውን የምታውቂው አንቺ።"

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ሰው ፊት ስቆም..."

"አውቃለሁ። ቆሎውን አቀብይኝ።"

ላስቲኩን አቀበልኳቸው።

ማክሰኞ

አውሮፕላኑ ከአራት ሰዓት ያነሰ ነው የፈጀው። አባያ የሚሉትን ረጅም ጥቁር ቀሚስ ከደሴ ጎረቤት ተውሼ ስለመጣሁ ይረዝመኛል፤ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር በሁለት ጣት ከፍ አደርገዋለሁ። ሪያድን ከላይ ሲያዩዋት በማስመሪያ የተሰመረች ትመስላለች። መንገዱ ቀጥ፣ ቤቱ አራት ማዕዘን፣ ሁሉም የአሸዋውን ቀለም የያዘ። ሙቀቱን ፈርቼ ነበር፤ በየካቲት ግን ምሽቱ የደሴን ያህል ባይሆንም ሹራብ ያስለብሳል። ማረፊያችን በዩኒቨርሲቲው የሴቶች ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ዘበኛ ፓስፖርታችንን አይቶ አንድ ሳህን ተምር አቀረበልን። ዶክተር ሂሩት ሦስት በልተው ሁለት ለነገ በሶፍት ጠቀለሉ።

ረቡዕና ሐሙስ

ያሠለጠነችን ዶክተር ኑራ ትባላለች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ፈጣን ናት፣ ስትስቅ ግን ረጋ ብላ ነው። የተማርነው ከተሠሩበት ቦታ በቅርቡ የወጡትን አዳዲስ ወታደሮች ከነባሮቹ ለይቶ መቁጠር ነው። እጅ መንቀጥቀጥ የማይፈቅድ ሥራ ነው፤ ከጠብታ ያነሰ ፈሳሽ ይለካል። በሁለተኛው ቀን ዶክተር ኑራ ውጤቴን ከራሷ ውጤት ጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እንዲህ መለካት ማን አስተማረሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ወደ ዶክተር ሂሩት አመለከትኩ። እሳቸውም፣ "የእኛ መለኪያ አሮጌ ስለሆነ እጇ ነው የሚጠነቀቀው" አሉ። ያን ቀን ምሳ ስበላ ቀና ብዬ ነው የበላሁት።

ማታ ልምምድ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ስላይዶቼን ለሁለቱ ብቻ ሳቀርብ ድምፄ ወደ ውስጥ ገባ። ታይመስ የሚባለው ዕጢ፣ ማለትም ወታደሮቹ የሚሠለጥኑበት፣ በሥዕል የሚታይበት አንድ ስላይድ አለኝ፤ የሙጥኝ ብዬ የተደገፍኩት እሱን ነው። ዶክተር ኑራ ከጨረስኩ በኋላ እንዲህ አለች፦ "እኔ የገባኝ ነገሩን ስለማውቀው ነው። ኮሚቴው ውስጥ መሐንዲስም፣ የሒሳብ ሰውም አለ። ያለ ሥዕሉ አንድ ቃል አይገባቸውም።"

ዐርብ፣ ሺፋ

ዘይነባ ሺፋ በሚባለው የደቡብ ሰፈር፣ ከአሠሪዎቿ ጋር እየኖረች ትሠራለች። ስድስት ዓመት ሆናት። ያ ሁሉ ሐበሻ ተጭኖ ወደ አገር በተላከበት ሰሞን የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉት፣ የተስተካከለ ስለነበር ተረፈች። ታክሲው ሠላሳ ሪያል አስከፈለኝ። ሻንጣዋን እየጎተትኩ ስደርስ የብረቱን በር የከፈተችው ራሷ ናት።

"ያ አላህ! ሰሚራ! ከስተሻል እኮ! ዩኒቨርሲቲ ምግብ አይሰጥም እንዴ?" አቅፋኝ ሳትለቀኝ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ። "ያላ ግቢ፣ ሩዙ እንዳያርብኝ።"

የቤቱ እመቤት ኡም ፈሃድ ብቅ ብለው ሰላም አሉኝና አንድ ነገር ጠየቁ። ዘይነባ በዐረብኛ መለሰችላቸው፤ "ዶክቶራ" የሚለው ቃል ብቻ ገባኝ።

"ዶክተር እኮ አይደለሁም" አልኳት ሲወጡ።

"ዝም በይ። ዶክቶራ ናት ስላልኩ ነው ሦስት ሰዓት የተፈቀደልን።"

ጠረጴዛው ላይ ለዐርብ ምሳ የሚሆን በግ ተገፎ፣ ተቆራርጦ ተቀምጧል። ዘይነባ የአንገቱንና የደረቱን ሥጋ ገልበጥ አድርጋ አየችና ሳቀች።

"ዛሬ ባባ፣ የኡም ፈሃድ ባል፣ ተሸውዷል። ሻጩ ጠቦት ነው ብሎ ሽማግሌ ሸጦለታል።"

"እንዴት አወቅሽ? ጥርሱ የለ፣ ቀንዱ የለ።"

"ነይ እዚህ።" ጣቷን ከአንገቱ ሥር፣ ከልቡ በላይ አሳረፈች። "ጠቦት ቢሆን እዚህ ጋ ነጭ፣ ልስልስ ያለች ሥጋ አለችው። መዳፍሽን ትሞላለች። እያደገ ሲሄድ ትከስማለች። ሲያረጅማ ይኸው፣ ጮማ ብቻ።" ማቀዝቀዣውን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችው። "ይቺ ያለፈው ሳምንት ጠቦት ናት። ልጆቹ ስለማይበሏት ለራሴ አስቀራታለሁ።"

"ስሟ ማን ነው?"

"እኔ እንጃ። የልጅነት ሥጋ ነው የምላት።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ያነበብኩትን፣ ከሥዕል በቀር አይቼው የማላውቀውን ዕጢ ይዤ ቆሜያለሁ። በረዶው መዳፌን እያቃጠለኝ እንኳ አላስቀመጥኩትም።

"ዘይነባ፣ እኔ የመጣሁት ለዚህች እኮ ነው!"

"ለበግ ሥጋ ነው ከደሴ እዚህ ድረስ? እማዬ ትስማ!"

እየሣቅን ነገርኳት። ይህች ሥጋ በሰውም ደረት ውስጥ አለች። ወታደሮቹ የሚሠለጥኑት እሷ ጋ ነው። በዕድሜ ትከስማለች፤ ቫይረሱ ደግሞ ያፋጥነዋል። በሌሎች አገሮች ለጥቂት ሰዎች የዕድገት ሆርሞን በመርፌ ተሰጥቶ ስታንሰራራ ታይቷል፤ ነገር ግን ገና አልተረጋገጠም፣ ጉዳትም ሊኖረው ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የሚሞከረው።

ዘይነባ መሣቋን ተወች። በሩን መለስ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ዑረይጃ ሰፈር የምትሠራ አንዲት የከሚሴ ልጅ ነበረች። ለኢቃማ ሲመረምሯት ተገኘባት። በሳምንቷ ላኳት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ የከተትኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ እጇ አልታዘዝ ብሏት።" ቢላዋውን አጥባ አስቀመጠች። "ለሷም ይሆናል ይሄ የምትሠሩት?"

"አላውቅም፣ ሞክረን ነው..."

"ኢንሻአላህ በይ እንጂ! አላውቅም ምን ይሠራል?"

"ኢንሻአላህ።"

ስሰናበታት ስለ እሑዱ ፍርሃቴ ነገርኳት። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ከልጅነቴ ታውቃለች፤ እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ።

"እኔ እዚህ ስገባ አንድ ቃል ዐረብኛ አልነበረኝም" አለችኝ። "ማንኪያውን ይዤ ማንኪያ፣ ሽንኩርቱን ይዤ ሽንኩርት እያልኩ ነው አፌን የፈታሁት። አንቺም የሚያውቁትን ነገር አስያዢያቸው። አብሽሪ!"

ቅዳሜ፣ ፉጣ

ከዶክተር ሂሩት ጋር ፉጣ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ሄድን። ጠባብ መንገድ፣ የሞባይል ሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ላይ ታች የሚል የሠራተኛ ብዛት። በአንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ጥብስ በአስራ ስምንት ሪያል በላን። አስተናጋጁ የመቀሌ ልጅ ነው፤ "እህቴ፣ ቃሪያ ልጨምር?" እያለ ሳንጠይቀው ሁለት ጊዜ ጨመረልን። ቀሪውን ቀን ንግግሬን በወረቀት ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። የዕጢውን ሥዕል ግን አልነካሁትም። ስለ በጉ መናገር የኩሽና ወሬ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ።

እሑድ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት

እዚያ ወንዶቹ የኮሚቴ አባላት በራሳቸው ሕንጻ፣ እኛ ደግሞ በሴቶቹ አዳራሽ ነን። ድምፁና ስላይዱ በገመድ ይገናኛል። እነሱን አናያቸውም፣ እነሱም አያዩንም። ዶክተር ኑራ ማይክሮፎኑን አስተካክላልኝ ተቀመጠች። ባዶውን ብልቃጥ ከመሀረቡ ፈትቼ ማይክሮፎኑ ሥር አቆምኩት።

ገና ስሜን በእንግሊዝኛ ተናግሬ ሳልጨርስ ከድምፅ ማጉያው የሰብሳቢው ድምፅ መጣ። ሽማግሌ ናቸው። "ይቅርታ፣ በእኛ በኩል ስላይዱ አይታይም" አሉ። ባለሙያ ተጠራ። ገመድ ተነቀለ፣ ተሰካ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ "ሌላ ጉዳይ አለብን። ለሚመጣው ወር ስብሰባ እናስተላልፈው?" አሉ።

በሚመጣው ወር ደሴ ነኝ። ዶክተር ኑራ ፊቷ ቀላ። ዶክተር ሂሩትን አየኋቸው፤ ሊናገሩልኝ ይችሉ ነበር፣ ግን አልተናገሩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

"ያለ ሥዕል ላቅርብ" አልኩ። ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ወረቀቴን ዘጋሁ። "ክቡራን፣ የዐርብ ምሳችሁን አስታውሱ" ብዬ ጀመርኩ። "በጉ ጠቦት ከነበረ፣ ከአንገቱ ሥር ከልቡ በላይ ነጭ፣ ልስልስ ያለች ሥጋ ነበረችው። ሽማግሌ ከነበረ ግን በቦታዋ ጮማ ብቻ ነው ያገኛችሁት።"

ያበቃልኝ መሰለኝ። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ሣቅ ተሰማ፤ የአንድ ሰው፣ ቀጥሎ የብዙ። ሰብሳቢው ናቸው የተናገሩት፦ "እናቴ ለትንሹ ልጅ ነበር የምትሰጠው። ትንሹ እኔ ነበርኩ። ቀጥዪ ልጄ።"

ቀጠልኩ። የሚያዩኝ ዓይኖች ስላልነበሩ ይሆናል፣ ቃሎቹ በየተራቸው መጡልኝ። ሆርሞኑ ያችን ሥጋ ሊያለመልም ይችላል አልኩ። መለምለሟ ብቻ ግን አይበቃንም፤ ከእሷ የሚወጡት ወታደሮች መሥራታቸውን ማወቅ አለብን። ስለዚህ ሰውነታቸው ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን የጉበት በሽታ ክትባት እንሰጣለን። አዲሶቹ ወታደሮች ሠልጥነው ወጥተው ከሆነ ሰውነት ለክትባቱ መልስ ይሰጣል፤ ደሙ ውስጥ እናገኘዋለን። ካልሆነም ዝም ይላል፣ እኛም ሐሳባችን አልሠራም ብለን በግልጽ እንጽፋለን።

አንድ ሌላ ድምፅ፣ "ሆርሞኑ የደም ስኳር ከፍ ቢያደርግስ?" ሲል ጠየቀ። በየሳምንቱ እንለካለን፤ ከወሰንነው በላይ ከወጣ መርፌው ይቆማል፤ ስኳር ያለበትን ሰው ከመጀመሪያውም አናስገባም አልኩ። ይህን ሌት ተቀን ያሰብኩበት ስለሆነ አልተንተባተብኩም።

"መድኃኒቱን በትክክል የማይወስዱ ሰዎች ቢሆኑስ?" አለ ሦስተኛው።

ብልቃጡን አነሣሁት። እንደማያዩት አውቃለሁ። "እጄ ላይ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አለ" አልኩ። "ባለቤቱ በየወሩ ባዶዎቹን ሰብስበው ያመጣሉ፤ እንደዋጡት ለማስረዳት። እርስዎ አሁን የጠየቁትን እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ካርዳቸው ላይ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቫይረሱ በደማቸው አይታይም። የጎደለው የእሳቸው ታማኝነት አይደለም፤ ያች ሥጋ ሳትሆን አትቀርም። ናሙናውን ብትመረምሩልን ይህንን ለይተን እናውቃለን።"

ዶክተር ሂሩት ይህንን ከእኔ አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የቀትሩ የዙህር ሰላት ደረሰና ስብሰባው ተቋረጠ። ሲመለሱ ሰብሳቢው ረጅም ነገር አልተናገሩም። የመጀመሪያውን ዓመት ናሙና ያለ ክፍያ ይመረምሩልናል፤ ውጤቱ ታይቶ ቀሪው ይወሰናል። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ በመጨረሻ። "የበጉን ነገር ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?"

"ከመጽሐፍ አይደለም። ሺፋ ውስጥ በሰው ቤት ከምትሠራ እህቴ ነው።"

"ምስጋናችንን አድርሺላት" አሉ።

ወዲያው ደወልኩላት።

"ኸላስ፣ እኔም ፕሮፌሰር ሆንኩ ማለት ነዋ!" ጮኸች ዘይነባ። "ማዳም ከዛሬ ጀምሮ ሽንኩርቱን ራሷ ትክተፍ።" ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል። "ለዚያች ለከሚሴዋ ልጅ ደውዬ ልንገራት?"

"ገና ነው በያት። ግን ተጀምሯል በያት።"

ሰኞና ማክሰኞ

የመልሱ መንገድ አጭር ሆነብኝ። የዘይነባ ሻንጣ አሁን ለእናቷ ጨርቅ፣ ቅባትና ሦስት ኪሎ ተምር ይዞ ይመለሳል። ጣርማ በር ላይ ቁልቁል ስንወርድ ዶክተር ሂሩት ሳያዩኝ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

"አፈርኩ።"

"ለማያዩሽ ሰዎች ነግረሻል። አሁን የሚያይሽ አንድ ሰው ቀርቶሻል" አሉና ቆሎውን አቀበሉኝ።

ይህ ጉዞ ብዙ ነገር አሳይቶኛል። ጥናቱ ገና ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ መድኃኒቱን ማግኘት፣ ስንት ነገር ከፊታችን አለ። ሐሳቡ ላይሠራም ይችላል። ያኮራኝ ግን ሌላ ነው። እኛ በአሮጌ መለኪያ የሠለጠነ እጅ አለን። ዕጢውን በቢላዋ ጫፍ ለይታ ስም ያወጣችለት እህት አለችን። የእነዚህን ዋጋ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደሴ ገባሁ፤ አክስቴ ሻንጣውን ሳትከፍት እኔን ነው ያገላበጠችኝ።

ረቡዕ ጧት

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ላቦራቶሪ ደረስኩ። ቀኑ የጋሽ ታደሰ ቀጠሮ ነው። ካርዳቸውን አወጣሁ። በእኛ ሥራ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ በላዩም አይቀባም፤ ከሥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ቀንና ፊርማ ይደረጋል። እንደዚያው አደረግኩ። "ስሕተት ነው። በሽተኛው መድኃኒታቸውን አላጎደሉም" ብዬ ጽፌ ሙሉ ስሜን ፈረምኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ታደሰ ፌስታላቸውን ይዘው መጡ። መስኮቱ ላይ መደርደር ሳይጀምሩ በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ከመስታወቱ ውጪ ፊት ለፊት ስንቆም የመጀመሪያችን ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ያዩኛል። ካርዱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው የተሰረዘውንም፣ ያልተሰረዘውንም፣ ፊርማዬንም አነበቡ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ ጋሽ ታደሰ። በጣም አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ካርዱን ደጋግመው አዩት። ከዚያ ወረፋ ወደሚጠብቀው ሰው ዞረው ካርዱን ከፍ አድርገው ያዙ። ወደ እኔ ሲመለሱ ፌስታሉ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

"ታዲያ እነዚህን የት ላድርጋቸው?" አሉ።

ፌስታሉን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ከቦርሳዬ ያችን ሪያድ ደርሳ የመጣችውን ብልቃጥ አውጥቼ ጨመርኩበት። ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተሸክሜው ሄጄ ራሴ ጣልኩትና፣ ደማቸውን ልቀዳ ተመለስኩ።